ሁለተኛው ኮር የትኛውን ወረፋ ያሳጥራል?



ስለ ኮምፒውተር ከሚነሱ ጥያቄዎች መካከል ቀላል የሚመስል፣ በችኮላ ሲመለስ ግን ገንዘብ የሚያስወጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ኮምፒውተሬ ሦስት አራት ፕሮግራም ስከፍትበት ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩን በባለሁለት ኮር ብለውጠው ይሻለው ይሆን?» ጠያቂዎቹ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝተው የጽሕፈት ሥራ የከፈቱ፣ ለልጃቸው ላፕቶፕ የሚያማርጡ፣ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በአሮጌ ማሽኖች የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ናቸው። ፕሮሰሰር የሚሸጥ ሰው «በደንብ ነዋ!» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ መልሴን ከመነሻው ላስቀምጥ። ሥራው ወረፋ የያዘው ፕሮሰሰሩ ደጃፍ ላይ ከሆነ፣ አዎ፣ በእርግጥ ይሻለዋል። ወረፋው ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ሁለት ኮር ቀርቶ ስምንት ቢገባለት ለውጥ አይታይም። የቀረው ንግግሬ ወረፋው የት እንዳለ እንዴት እንደሚታወቅ ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ኮር ብቻውን ምን ሲሠራ እንደኖረ እንመልከት። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ትእዛዝ የሚያካሂደው ክፍል ነው፤ አንድ ኮር በአንድ ቅጽበት በመደበኛነት የሚያካሂደው የአንድን ፕሮግራም ትእዛዝ ነው። ሙዚቃ እያዳመጥን፣ ደብዳቤ እየጻፍን፣ ፋይል እያወረድን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሚመስለን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እጅግ በፍጥነት ተራ ስለሚያስይዛቸው ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ እንደ ተለመደው አሠራር በሰከንድ 64 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ይመታል። አንዱ ፕሮግራም ለጥቂት ምት ይሠራና ተራውን ይለቃል፤ ሌላው ይገባል፤ ያኛው እንደገና ይመለሳል። ዓይናችንም ጆሯችንም ይህን መቆራረጥ አይለዩትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ እየሠራ ያለ ፕሮግራም አይደለም። አብዛኛው የተከፈተ ፕሮግራም ተኝቷል። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ፊደል እስክንነካ ይጠብቃል፤ ብሮውዘሩ መረጃ ከኢንተርኔት እስኪደርሰው ይጠብቃል። በሰከንድ 10 ፊደል የምትመታ እጅግ ፈጣን ጸሐፊ እንኳ በአንዱ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል 100 ሚሊሰከንድ ትተዋለች። በ3 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት 300 ሚሊዮን ዑደት ይፈጽማል። ስለዚህ አምስት ሰነድ፣ አንድ የሂሳብ ሠንጠረዥና አንድ ኢሜይል ስለተከፈቱ ብቻ አንድ ኮር አይጨናነቅም።

ኮሩ የሚጨናነቀው የማይተኛ ፕሮግራም ሲመጣበት ነው። ቪዲዮ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ሲቀየር፣ አንቲቫይረስ ሙሉ ዲስኩን ሲፈትሽ፣ ትልቅ ፋይል ሲታመቅ፣ ሥራው ያገኘውን የፕሮሰሰር ጊዜ ሁሉ ይበላል። ያን ጊዜ የጻፍነው ፊደል ዘግይቶ ይታያል፤ ማውሱ ይጎተታል፤ ሙዚቃው ይቆራረጣል። ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር መድኃኒት የሚሆነው ለዚህ ሕመም ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ኮር ለምን መጣ? ለእኛ ታስቦ ከመሰለን ተሳስተናል። የመጣው ሙቀት መንገድ ስለዘጋ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ኢንቴል ፔንቲየም 4ን በ2000 መጨረሻ ለገበያ ሲያቀርብ ፍጥነቱ 1.4 እና 1.5 ጊጋኸርትዝ ነበር። በ2004 መጨረሻ 3.8 ደረሰ። ኩባንያው ባለ4 ጊጋኸርትዝ ሞዴል እንደሚያወጣ ተናግሮ ነበር፤ በጥቅምት 2004 ግን ዕቅዱን ሰረዘው። በዚያው ወር የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ክሬግ ባሬት በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ መድረክ ላይ፣ ቀልድም እውነትም ባለበት ሁኔታ፣ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ።

ምክንያቱ በቀላል ሂሳብ ይገለጻል። አንድ ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ፍጥነት ለመጨመር ብዙውን ጊዜ ቮልቴጅም መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ፍጥነት ብዙ ሙቀት ያስከፍላል። በተቃራኒው ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ ብናደርገው የሚተርፈው ኃይል ሌላ ኮር ለመመገብ ይበቃል። አይቢኤም በ2001 ባወጣው ፓወር4 በተባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር ሁለት ኮር በአንድ ቺፕ ላይ አስቀምጦ ነበር። በ2005 የጸደይ ወራት ነገሩ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ወረደ፤ ኢንቴል ፔንቲየም ዲን፣ ኤኤምዲ ደግሞ አትሎን 64 ኤክስ2ን አወጡ። የመጀመሪያዎቹ ከነሙቀታቸው ነበር የመጡት፤ ፔንቲየም ዲ 840 የተመደበለት የሙቀት ልክ 130 ዋት ነበር። በሐምሌ 2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 ግን በ65 ዋት ከዚያ የበለጠ ሥራ ሠራ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለዛሬ ገዢ የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ነው። ከ2005 በፊት አዲስ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ሳይነኩ ይፈጥኑለት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በጥቅሙ ላይ በአመዛኙ ቅድመ ሁኔታ ተጣለ፤ ሥራው ለሁለት የሚከፈል መሆን አለበት።

አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ላቅርብ። በዚያን ዘመን ኤኤምዲ «3800+» የሚል ተመሳሳይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች ይሸጥ ነበር። አንዱ ባለአንድ ኮሩ አትሎን 64 ነው፤ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርትዝ። ሌላው በነሐሴ 2005 የወጣው አትሎን 64 ኤክስ2 ነው፤ ሁለት ኮር አለው፣ እያንዳንዱ ግን 2.0 ጊጋኸርትዝ። የዘመኑ የኮምፒውተር ጨዋታዎች በአመዛኙ የተጻፉት ለአንድ ኮር ነበር። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳይከፍት ጨዋታ ብቻ ለሚጫወት ሰው ባለአንድ ኮሩ ይሻል ነበር። ከበስተጀርባ ቪዲዮ እየቀየረ ከፊት ለፊት ሌላ ሥራ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ባለሁለት ኮሩ ያለ ጥርጥር ይበልጥ ነበር። ቁጥሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት። የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የሰውየው የሥራ ጠባይ ነበር።

የአንድ ሥራ መከፋፈል ወሰን እንዳለው ጂን አምዳል የተባሉት የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 አስረድተዋል። አንድ ኮር በ60 ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ አለ እንበል። ግማሹ ብቻ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ፣ የማይከፈለው 30 ደቂቃ እንዳለ ይቀራል፤ የሚከፈለው 30 ደቂቃ ወደ 15 ይወርዳል፤ ድምሩ 45 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ኮር ገዝተን ያተረፍነው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። ከመቶ 90 እጅ የሚከፈል ከሆነ ግን ሥራው በ33 ደቂቃ ያልቃል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈል ሥራ ብርቅ ስለሆነ «ሁለት ኮር እጥፍ ፍጥነት» የሚለው ማስታወቂያ በአብዛኛው አይሠራም።

ይሁን እንጂ የእኛ ጥያቄ ስለ አንድ ሥራ መፍጠን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ኮር በጣም ጠንካራ ነው። ቪዲዮ የሚቀይረው ፕሮግራምና ደብዳቤ የሚጽፈው ፕሮግራም አስቀድመው የተለያዩ ናቸው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ሊከፋፍላቸው አያስፈልግም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንዱን ወደ አንደኛው ኮር፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ይልካል። ቪዲዮ ቀያሪው ለአንድ ኮር የተጻፈ ከሆነ እንደ ድሮው 60 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ደብዳቤው ግን አይጎተትም። ስለዚህ ከባለሁለት ኮር የሚገኙት ጥቅሞች ሁለት ናቸው። አንዱ ሥራ ቶሎ ማለቁ ነው፤ ሌላው ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ይዞም ለባለቤቱ ትእዛዝ ወዲያው መልስ መስጠቱ ነው። ከአንድ ኮር ወደ ሁለት የተሻገረ ሰው ቶሎ የሚሰማው ሁለተኛው ጥቅም ነው። ከሁለት ወደ አራት ሲሻገር ልዩነቱ እንደዚያ ጎልቶ አይሰማም፤ ምክንያቱም በተለመደው የቢሮ ሥራ ሁለት የማይተኙ ፕሮግራሞች አንድ ላይ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወረፋ እንለፍ። ሁለቱ ኮሮች የራሳቸው የስሌት ክፍል ቢኖራቸውም ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩንና የኔትወርኩን መስመር ይጋራሉ። ድግስ ላለበት ቤት ሁለት እንጀራ ጋጋሪ ቢቀጠር፣ ሊጡ ግን ከሩቅ ጎረቤት በአንዲት ጣሳ የሚመላለስ ከሆነ፣ ሁለቱም የጋለ ምጣዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ የእንጀራው ቁጥር አይጨምርም።

በኮምፒውተር ውስጥ ያ ርቀት ምን ያህል ነው? በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከንባቡ ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ወደ 4 ሚሊሰከንድ፣ ይጠበቃል። ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድም በተለመደው ዲስክ ሌላ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በድምሩ 12 ሚሊሰከንድ ብንል ዲስኩ በሰከንድ 80 ያህል የተበታተኑ ጥያቄዎችን ብቻ ይመልሳል። ባለ3 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር ደግሞ አንዷን መልስ ሲጠብቅ 36 ሚሊዮን ዑደት ያልፈዋል። ከራም መረጃ ለማምጣት የሚፈጀው ግን በናኖሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን መረጃ ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣል። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው በተሸጋገርን ቁጥር ማሽኑ ዝም የሚለው፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ብልጭ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሬ ብዙ ሥራ አይችልም» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ያለ ዕዳው ዘማች ሆኗል። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ሁለተኛ ኮር መጨመር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እንዲያውም ሁለት ኮሮች በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ፋይል ሲጠይቁ የሃርድ ዲስኩ ራስ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ መጨናነቁም ሊብስ ይችላል። ኤስኤስዲ የተባለው የማከማቻ ዓይነት ግን የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ጥያቄውን ከአንድ ሚሊሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። አሮጌ ማሽኖች ኤስኤስዲ ሲገባላቸው ነፍስ የሚዘሩት በዚህ የተነሳ ነው።

እንግዲህ ወረፋው የት እንዳለ እንዴት እንወቅ? መሣሪያው በእጃችሁ ነው፤ ክፍያም የለውም። ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት፣ ፕሮግራሞቹን ሳትዘጉ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ሲፒዩ የተባለው ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪ የተባለውም ራሙ ነው። እነዚህን አንድ ላይ አንብቧቸው።

ሲፒዩው ለረጅም ጊዜ 100 ከመቶ ላይ ቆሞ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ ግን ዝቅ ብለው ከታዩ፣ ወረፋው በእርግጥ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጊዜውን የሚበላው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ እዩ። የማታውቁት ፕሮግራም ወይም ቫይረስ ከሆነ መፍትሔው እሱን ማስወገድ ነው። የምትፈልጉት ሥራ ከሆነ ግን ተጨማሪ ኮር ያስፈልጋችኋል።

ሜሞሪው ወደ ሙላቱ ተጠግቶ ዲስኩ 100 ከመቶ ከሆነ፣ የጎደለው ራም ነው። ሜሞሪው ቦታ እያለው ዲስኩ ብቻ ከተጨናነቀ፣ መፍትሔው ኤስኤስዲ ነው። ሲፒዩው በባለሁለት ኮር ማሽን ላይ 50 ከመቶ አካባቢ፣ በባለአራት ኮር ላይ 25 ከመቶ አካባቢ ተተክሎ ከቆየ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ለአንድ ኮር የተጻፈ ፕሮግራም አንዱን ኮር ሞልቶ ሌላው ሥራ እንደፈታ ነው። ለዚያ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኮር ሳይሆን እያንዳንዱ ኮር ፈጣን የሆነ ፕሮሰሰር ነው። ሁሉም ዓምዶች ዝቅ ብለው ገጾች ብቻ የሚዘገዩ ከሆነ ኢንተርኔታችሁን መርምሩ። ማሽኑ ሲሞቅ ብቻ የሚዘገይ ከሆነም የማሽኑን ሽፋን ከፍታችሁ የማራገቢያውን አቧራ አጽዱ፤ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ምርመራው ፕሮሰሰሩን ከከሰሰ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ ማዘርቦርዱ አዲሱን ይቀበላል ወይ? በ2005 የአትሎን ባለቤቶች በዚህ ዕድለኞች ነበሩ። ሶኬት 939 ያለው ማዘርቦርድ የነበራቸው ብዙዎቹ ባዮስ የተባለውን የቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር አድሰው ባለሁለት ኮሩን በዚያው ቦታ መትከል ችለዋል። በኢንቴል በኩል ፔንቲየም ዲ ከፔንቲየም 4 ጋር በአንድ ዓይነት ሶኬት፣ በኤልጂኤ 775፣ ቢገጥምም የቀድሞዎቹ 915 እና 925 ቺፕሴት ያላቸው ቦርዶች አይደግፉትም ነበር። ስለዚህ ሶኬቱ ገጠመ ማለት ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ጽፋችሁ አምራቹ ያወጣውን የፕሮሰሰር ዝርዝር ተመልከቱ። ቦርዱ የማይቀበል ከሆነ አዲስ ቦርድ፣ ከቦርዱም ጋር ብዙ ጊዜ አዲስ ዓይነት ራም ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሂሳቡ የሌላ ማሽን ዋጋ ይጠጋል። በአሁኑ ዘመን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ መለወጥ የሚባል ነገር የለም። ራም የምትጨምሩም ብትሆኑ ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው እንደማይጠቅማችሁ እወቁ።

ወደ ዛሬው ገበያ ልመለስ። ሁለት ኮር በ2005 የቅንጦት ዕቃ ነበር። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን በይፋ ከሚጠይቃቸው ዝቅተኛ መስፈርቶች መካከል ሁለት ኮር ያለው ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ይገኙበታል። ይህም ሆኖ መስፈርቱን በኮር ቁጥር ብቻ ማለፍ አይቻልም፤ ኮር 2 ዱዎ ሁለት ኮር ቢኖረውም ማይክሮሶፍት ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች በተለይ ተለጣፊው ስም እንዳያታልላችሁ። በ2016 የወጣው ኮር አይ7-7500ዩ «አይ7» ይባል እንጂ ያለው ሁለት ኮር ነው። በ2017 የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ ደግሞ በስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም አራት ኮር አለው። ሴለሮን ኤን4020 የሚባለውም ሁለት ኮር አለው፤ ነገር ግን አቅሙ ከአይ7-7500ዩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። እውነተኛው የኮር ብዛት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው አንዱ ኮር ሁለት ትሬድ፣ ማለትም ሁለት የትእዛዝ ሰልፍ፣ ማስተናገድ ሲችል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ይጠቅማል፣ ግን እንደ ሙሉ ኮር አይቆጠርም። ሻጩ «ባለአራት» ሲላችሁ የትኛውን ቁጥር እንደሚያነብላችሁ ጠይቁት።

ክቡራትና ክቡራን፤

ፍርዴን ላጠቃልል። አሁንም በአንድ ኮር የሚሠራ ማሽን ያለው፣ ማዘርቦርዱም ባለሁለት ኮር የሚቀበል ሰው፣ ከባድ ሥራ ከበስተጀርባ እያስኬደ ከፊት የሚጽፍ ከሆነ ይለውጥ፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። ሁለት ኮር ኖሮት የሚንቀራፈፍበት ሰው በመጀመሪያ ራሙን፣ ቀጥሎ ዲስኩን ይመርምር፤ ፕሮሰሰሩን በመጨረሻ። ለመለወጥ ቦርድም ራምም አብሮ መግዛት የሚጠበቅበት ሰው አሮጌውን ትቶ የተሻለ ያገለገለ ማሽን ይፈልግ። ላቦራቶሪ የምታስተዳድሩ መምህራንም፣ ለሃያ ማሽን ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት በአንዱ ብቻ ሞክሩ፤ ለውጡን በሥራ ሰዓት ለክታችሁ ከዚያ የቀሩትን እዘዙ።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ነገ ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ፣ ወደ ሱቅ ከመደወላችሁ በፊት ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ሦስቱን ዓምዶች ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ገንዘባችሁን የምታወጡት ዓምዶቹ አንድ ላይ ሲነበቡ ወረፋው እንዳለበት ለሚያሳዩት ክፍል ይሁን።